ጭዱን የሚያስበላው ቅጠል



በጥር ወይም በየካቲት ከሆለታ ተነስቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚገባ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው በየደጁ የተከመረ ጭድ ነው፤ ሁለተኛው ባሕር ዛፍ። ጭዱን ከብቶቹ ይበሉታል፤ ባሕር ዛፉን አይነኩትም። በሁለቱ መካከል ግን በአጥር ጥግ፣ በወንዝ ዳርና በእርሻ ድንበር ላይ የቆሙ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች አሉ፤ ግራዋ፣ ዋንዛ፣ ኮርች፣ ግራር። እነዚህን ማንም መኖ ብሎ አይቆጥራቸውም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ለዓመታት ሲያወጣው በነበረው የእንስሳት ናሙና ጥናት እንኳ ግጦሽ የራሱ ረድፍ አለው፣ ተረፈ ምርትም አለው፣ ድርቆሽም አለው፤ የዛፍ ቅጠል ግን «ሌሎች» ከሚባለው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። በዚያው ጥናት የሀገሪቱ ከብት ከሚበላው ከግማሽ በላዩ ግጦሽ፣ ሲሶ ገደማው ጭድና አገዳ ነው። የተሻሻለ መኖ የሚባለው ከመቶ አንድ አይሞላም።

የምናገረውን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ቅጠል ጭድን አይተካም፤ ጭድን ያስበላል። ጥቅሙ የሚለካውም ግርግሙ ውስጥ ከጭዱ ጋር ሲገናኝ ነው እንጂ ለብቻው ላቦራቶሪ ገብቶ በሚያወጣው ቁጥር ብቻ አይደለም። ይህን ካልተረዳን ወይ ቅጠሉን እንንቀዋለን፣ ወይ ከአቅሙ በላይ እንጠብቅበታለን። ሁለቱንም ስናደርግ ኖረናል።

እስቲ ከላሟ ሆድ እንጀምር። ላም ጭድን የሚፈጭ አቅም በራሷ የላትም። የሚፈጩላት በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ጭዱ ሲገባላቸው ያብላሉታል፣ ከእሱ ጉልበት ያወጣሉ፣ ይራባሉ፤ ከዚያ ራሳቸው ወደ ታች ይወርዱና ይፈጫሉ። ላሟ ከምታገኘው ፕሮቲን ብዙው የእነዚህ ተሕዋስያን አካል ነው። ስለዚህ ላም የሚቀልብ ሰው በመጀመሪያ የሚቀልበው እነሱን ነው። እነሱ ደግሞ ለመራባት ናይትሮጅን ይሻሉ። በመኖው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶው 7 እጅ ካልሞላ ሥራቸው ይቀዘቅዛል። ሥራቸው ሲቀዘቅዝ ጭዱ ሳይብላላ እዚያው ይተኛል፤ ጭዱ እዚያው ከተኛ ላሟ ቦታ የላትምና ሌላ አትበላም። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሆዷ የተወጠረ፣ የጎድን አጥንቷ ግን አንድ በአንድ የሚቆጠር ላም አይታችሁ ይሆናል። ሆዷ ሞልቶ የተራበች ላም ያቺ ናት።

የጤፍ ጭድ ፕሮቲኑ ከመቶው 4 ወይም 5 እጅ ነው። የስንዴው ከዚያም ያንሳል። አሁን አንዲት 300 ኪሎ ገደማ የምትመዝን የሀገር ላም በዓይነ ኅሊናችሁ አቁሙ። ጭድ ብቻ ከቀረበላት በቀን 6 ኪሎ ያህል ትበላለች እንበል። 4 እጁ ፕሮቲን ቢሆን 240 ግራም አገኘች ማለት ነው፤ ይህ ከሚያስፈልገው መስመር በጣም በታች ነው። እዚህ ላይ ፕሮቲኑ ከመቶው 20 እጅ የሆነ ቅጠል አንድ ኪሎ ተኩል፣ በደረቅ ሚዛኑ፣ ጨምሩላት። ቅጠሉ ብቻውን 300 ግራም ፕሮቲን ይዞ ይገባል። ጠቅላላው 7 ኪሎ ተኩል መኖ፣ 540 ግራም ፕሮቲን ሆነ፤ ሲካፈል ከመቶው 7 እጅ ከትንሽ። መስመሩን አለፈች። የጭዱ ዓይነትም መጠኑም ያው ነው፤ ቅጠሉ ግን ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ሆኖ የቀረውን አራት አምስተኛ ሥራ ላይ አዋለው። እንዲያውም ተሕዋስያኑ ሲነቁ የጭዱ መውረጃ ጊዜ ስለሚያጥር ላሟ ከ6 ኪሎው በላይ ጭድ መብላት ትጀምራለች።

አንድ ኪሎ ተኩል ደረቅ ቅጠል እርጥብ ሳለ ስንት ይሆናል? ከቅጠሉ ሦስት አራተኛው ውሃ ነውና 6 ኪሎ ገደማ። አንድ ጥሩ እቅፍ ማለት ነው፤ አንዲት ልጅ ከወንዝ ስትመለስ ተሸክማ ልትመጣ የምትችለው። ከፋጉሎ ጋር አስተያዩት። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ከመቶው 30 እጅ ይደርሳል፤ ከቅጠል ይበልጣል፣ ምንም ጥያቄ የለውም። ነገር ግን ፋጉሎ በብር የሚገዛ፣ ዋጋው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ያላየነው ነገር ነው። ግራዋው ግን እዚያው አጥሩ ላይ ነው ያለው።

ከፕሮቲኑ ሌላ ሁለት ነገር አለ፤ ባጭሩ ልንካቸው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ የቫይታሚን ኤ መነሻ የሆነው ንጥረ ነገር አብሮት ይጠፋል። ሥሩ ጠልቆ ውሃ የሚያገኝ ዛፍ ግን በየካቲትም አረንጓዴ ነው። እርጉዝ ላም በእነዚያ ወራት አንድ እፍኝ አረንጓዴ ነገር ሳታይ ከከረመች ጥጃዋ ደካማ ሆኖ ቢወለድ አይገርምም። ሁለተኛው ካልሲየም ነው። ቅጠል ካልሲየሙ ብዙ፣ ፎስፈረሱ ጥቂት ነው፤ ፉርሽካ ደግሞ የተገላቢጦሽ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው አንዱ የጎደለውን በሌላው ይሞላል። ጨው ደግሞ ከሁለቱም አይገኝም። አባቶቻችን ከብቱን ሆራ የሚያወርዱት ለዚህ ነበር፤ በማዕድን ውሃዋ ስሟ በሀገር ሁሉ በታወቀው በአምቦ ከተማ ቆሜ ይህን ማስረዳት ያሳፍራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚያታልልበት ቦታ አለ። «የዚህ ቅጠል ፕሮቲን ከመቶው 22 እጅ ነው» የሚል ወረቀት ሲደርሳችሁ ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ ጠይቁ። ዘዴው የወጣው በ1883 እ.ኤ.አ. ነው። ያወጣው ዮሃን ኬልዳል የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት፣ የሠራበትም ካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነበር። ሰውየው የፈለገው የቢራ ገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ማወቅ ነው። ያደረገው ናሙናውን በአሲድ ቀቅሎ ናይትሮጅኑን መለካት ነው፤ የተገኘው ናይትሮጅን በ6.25 ተባዝቶ ፕሮቲን ይባላል። እስከ ዛሬም መሠረቱ ይኸው ነው። እንግዲህ መሣሪያው የሚቆጥረው ናይትሮጅን ነው፤ ያ ናይትሮጅን ከላሟ ይዋሃድ፣ አይዋሃድ አያውቅም። ለገብስ ይህ ብዙ ችግር የለውም። ለዛፍ ቅጠል ግን ችግር አለው፤ ዛፍ ራሱን ይከላከላልና።

ከመከላከያዎቹ ዋናው ታኒን ነው። ያልበሰለ ነገር ስታኝኩ ምላሳችሁን የሚጨብጠው፣ አፋችሁን የሚያደርቀው እሱ ነው። ቆዳ ፋቂው ከዛፍ ልጥ አውጥቶ ጥሬውን ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚያደርግበትም ይኸው ነው፤ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ለባክቴሪያ የማይበገር ያደርገዋል። ያንኑ ሥራ በላሟ ሆድ ውስጥም ይሠራል። መጠኑ ሲበዛ የቅጠሉን ፕሮቲን አስሮ በአንደኛው በር ያስገባና በሌላኛው ያስወጣዋል፤ ወረቀቱ ላይ 22 ይላል፣ ላሟ የምታገኘው ግን ከግማሹም ሊያንስ ይችላል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ ፕሮቲኑ በትልቁ ጨጓራ ተበታትኖ እንዳይባክን ይጠብቅና ታች አንጀት ላይ ይለቀዋል። ስለዚህ «ታኒን መጥፎ ነው» የሚለው አባባል እንደ ሕግ መያዝ የለበትም።

ተመራማሪዎች ይህን የሚያጣሩበት መንገድ አለ። የላም ጎን በቀዶ ጥገና ይከፈትና ክዳን ያለው የጎማ መስኮት ይገጠምበታል፤ ላሟ ጤነኛ ናት፣ ትበላለች፣ ታመሰኳለች። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፤ ቀዳዳው በጣም ጥቃቅን በሆነ የናይለን ከረጢት ተቋጥሮ በመስኮቱ በኩል ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ይንጠለጠላል። በ6 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት፣ በ48 ሰዓት እያወጡ የቀረውን ይመዝኑታል። ተማሪዎች መጀመሪያ ሲያዩት ይዘገንናቸዋል፤ እጃቸውን ከተው ሙቀቱን ሲያዩ ደግሞ መውጣት አይፈልጉም። ወረቀት ላይ እኩል ፕሮቲን ያላቸው ሁለት ቅጠሎች በዚህ ከረጢት ሲፈተኑ አንዱ በሁለት ቀን አብዛኛው ተብላልቶ፣ ሌላው ከግማሹ በላይ እንዳለ ሊወጣ ይችላል።

ከረጢቱ የማይነግረን ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እንስሳው ይበላዋል ወይስ አይበላውም? ግራዋን እንውሰድ። በኦሮምኛ ኤቢቻ የምትሉት ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጋን ያላጠበበት ቤት የለም። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ከመቶው 20 እጅ አካባቢ ይገኝበታል፤ ቆርጠህ ብትተክለው ይበቅላል፣ በበጋ አይደርቅም፣ ደጋግመው ቢመለምሉት ያቆጠቁጣል። ጉድለቱ መራራነቱ ነው። በግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብለት አሽትቶ ይሸሻል። ፍየል ግን ቀስ ብላ ትለምደዋለች። ይህ መራራነት ሌላ ታሪክም አለው፦ በ1987 እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ በማሃሌ ተራራ ማይክል ሃፍማን የተባለ ተመራማሪ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋን ግንድ ልጣ ውስጡን እያኘከች መራራ ጭማቂውን ስትመጥ አየ። በማግስቱ ተሽሏት ታየች። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ቺምፓንዚዎቹ ይህን የሚያደርጉት በሆድ ትላትል ሲጠቁ እንደሆነ የሚጠቁም ማስረጃ ተሰበሰበ። የእኛ እናቶች የከብት ሆድ ሲታመም ግራዋ ጨምቀው ሲያጠጡ ኖረዋል። ይህን ስል የትል መድኃኒት ጣሉ ማለቴ አይደለም፤ ስንት ይጠጣ፣ ለየትኛው ትል ይሠራል የሚለው ገና ተለክቶ ያልተቋጨ ነገር ነው።

ዋንዛ፣ ወደሳ፣ ሰፊ ቅጠሉ ይወደዳል፤ ነገር ግን ጣውላው ውድ ስለሆነ ሰው ለመኖ ብሎ አይጨፈጭፈውም፤ ደግም አደረገ። የረገፈውንና የታችኛውን ቅርንጫፍ መጠቀም ይበቃል። ኮርች፣ ወለንሱ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀይ አበባውና በእሾሁ ነው። የጥራጥሬ ዘመድ ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያስር። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ሕያው አጥር ይሆናል፤ ቅጠሉም ለበግ የሚሆን ጥሩ ፕሮቲን አለው። ለእኔ በደጋው ክፍል ካሉን የሀገር ዛፎች ሁሉ የሚገባውን ክብር ያላገኘው ኮርች ነው። ግራር በጎችና ፍየሎች የሚወዱትን ፍሬ ያረግፋል፤ ከቅጠሉ ይልቅ የደረቀው ፍሬ በጆንያ ተሰብስቦ ለክፉ ቀን ሊቀመጥ ይችላል። ብርብራን ግን አደራ፤ ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ላይ ሲበትኑት ዓሣ የሚያደነዝዝ ነው። በሸነን በኩል ያላችሁ የቀርከሃ ቅጠል በበጋ ለከብት እንደምትሰጡ አውቃለሁ፤ ወደ ወንጪ በሚወጣው ደጋ ደግሞ እንሰት አለ። እንሰት ዛፍ አይደለም፤ ግን ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ቅጠሉ ስለማይደርቅ ሥራው ያው ነው፤ ውሃው ብዙ ስለሆነ ደረቅ ነገር ካላገናኙት ሆድ ያላላል እንጂ። 

ከውጭ የመጡት ዛፎች ታሪካቸው ሌላ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ በኋላ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ውስጥ የተጠቃለለው፣ በ1980ዎቹ የመኖ ዛፎችን ዘር ከየሀገሩ ሰብስቦ በደብረ ዘይት፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ቦታዎች ፈተሸ። የሆለታና የባኮ የምርምር ማዕከላትም የበኩላቸውን ሠሩ። ሦስቱ ጎልተው ወጡ፦ ሰስባኒያ፣ ሉኬኒያና ትሪ ሉሰርን። ሦስቱም የጥራጥሬ ወገን ናቸው፤ ሦስቱም ለጋ ቅጠላቸው ከመቶው 20 እጅና ከዚያ በላይ ፕሮቲን አለው።

ሉኬኒያ ከሁሉ የተወደሰ ነበር። ሆኖም ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ ብዙ የበላ እንስሳ ፀጉሩ ይረግፋል፣ እንቅርት ያወጣል። አውስትራሊያኖች በዚህ ሲቸገሩ ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ሳይንቲስታቸው በሃዋይ ያሉ ፍየሎች ያንኑ ዛፍ እየበሉ ምንም እንደማይሆኑ አስተዋለ። ምክንያቱ ሆዳቸው ውስጥ ያለ አንድ ባክቴሪያ ሆነ፤ መርዙን እሱ ይበላላቸዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከእነዚያ ፍየሎች የጨጓራ ፈሳሽ ተወስዶ ለአውስትራሊያ ከብቶች ተሰጠ፤ ከብቶቹ ዳኑ፤ ፈሳሹም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ሄደ። ባክቴሪያው ዛሬ በሰውየው ስም ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ይባላል። ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም። አንድ ቅጠል «ይጠቅማል» ወይም «ይገድላል» የሚለው ፍርድ ከቅጠሉ ብቻ አይወጣም፤ የበላው እንስሳ ሆድ ውስጥ ማን አለ የሚለውም ይወስነዋል። ለዚህ ነው ማንኛውንም አዲስ ቅጠል በአንድ ጊዜ ከመቆለል በእፍኝ ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ መጨመር የሚገባው። ተሕዋስያኑም ይለምዳሉ።

አሁን «የቱን ልትከል?» ላላችሁ ሰዎች፣ መልሱ የሚገኘው ከእግራችሁ ሥር ነው። ባኮ ከባሕር ወለል በላይ 1650 ሜትር ገደማ ናት፤ ሙቀት አላት፤ ሰስባኒያና የርግብ አተር ይሆናሉ። ሉኬኒያም በሙቀቱ ይስማማል፤ ግን አሲዳማ አፈር አይወድም፣ የባኮ ቀይ አፈር ደግሞ አሲዳማ ነው፤ ስለዚህ እንደ መጽሐፉ አያድግም። ጊንጪ ጥቁር ዋልካ ናት፤ ክረምት ውሃ ታቁራለች። እዚያ ትሪ ሉሰርን መትከል ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መቅበር ነው፤ ሥሩ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ሰስባኒያ ግን ውሃ የተኛበት መሬት ይችላል። ጄልዱ፣ ከዚያም በላይ ባሉት ደጋዎች ሰስባኒያን ውርጭ ይፈጀዋል፤ ውሃው በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ትሪ ሉሰርን ይቆማል። ይህ ዛፍ የመጣው ከካናሪ ደሴቶች፣ ከላ ፓልማ ነው፤ ተዳፋትና ብርድ ለምዶ ያደገ ነው። ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳይነከር ቢዘራ ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። አምቦ መካከል ላይ ናት፤ ሁለቱንም ትችላለች፣ እንደ ማሳው። ሰስባኒያ በአንድ ዓመት ከሰው ቁመት በላይ ይመዘዛል፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ሲመለመል ከመሬት ወደ አንድ ሜትር ሊተው ይገባል፤ ከሥሩ የቆረጠው ሰው ሁለተኛ አያጭደውም።

ይህ ሁሉ ከ30 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። ታዲያ ለምን በየጓሮው የለም? ብዙ ስብሰባ ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። የአምቦ ገበሬ ፍየሉ ምን እንደምትወድ ከእኔ በላይ ያውቃል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ባሕር ዛፉን ስናይ ይገባናል።

ዓፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ከተማቸውን ወደዚህ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ መጥቶ የማገዶው ነገር ሲቀል ሐሳባቸውን ተዉት፤ የተጀመረውም ቤት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያ ዛፍ ይህን መንገድ ሙሉ ያዘ። ገበሬው የሚተክለው ስለሚሸጥ ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። ብዙ የማይነገረው ሁለተኛው ምክንያት ግን ከብት ስለማይበላው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰብል ሲነሳ ማሳው ሁሉ የጋራ ግጦሽ ይሆናል። የጎረቤት ከብት፣ የሩቅ ሰው በግ፣ ሁሉም ይገባል። የባሕር ዛፍ ችግኝ በዚያ መካከል ቆሞ ያድጋል። ሰስባኒያ የተከለ ሰው ግን ገና ጉልበቱ ሳይደርስ በመጀመሪያው ጥር የሰው በግ ይበላበታል። ዛፉ ለመኖ ጥሩ በሆነ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። እንግዲህ ገበሬው ባሕር ዛፍን የመረጠው አስቦበት ነው።

ስለዚህ የመኖ ዛፍ ጉዳይ የችግኝ ጣቢያ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የልቅ ግጦሽ ጉዳይ ነው። በአንድ ጎጥ ያሉ ሰዎች ተስማምተው ከሰብል ስብሰባ በኋላ ከብቱን አስረው እያጨዱ ካልመገቡ በቀር በክፍት ማሳ ላይ የሚተከል ሰስባኒያ ለመንገደኛ በግ የተዘረጋ ድግስ ነው። ያ ስምምነት እስኪመጣ ድረስ ዛፉ መግባት ያለበት ጓሮ ውስጥ፣ ከአጥሩ በዚህ በኩል ነው። በአሥሮች የሚቆጠር ግንድ በአጥር ጥግ። ከበቂ በታች ይመስላል፤ ግን ለአንዲት እርጉዝ ላም ወይም ለሁለት ለሚሰቡ በጎች በበጋው ወራት ልዩነት ያመጣል። ጊንጪ አጠገብ ያለውን የጭልሞ ጫካ የምታውቁ ደግሞ ሌላውን ጎን ታውቃላችሁ፤ ከብት ጫካ ውስጥ ሲሰማራ የወደፊቱን ጽድና ወይራ በለጋነቱ ይጨርሰዋል። ከጫካ ቅጠል መልምሎ ማምጣትና ከብቱን ጫካ መልቀቅ በጭራሽ አንድ አይደሉም።

አሰጣጡ ላይ ጥቂት ልበል። ቅጠሉ ለጋ ሳለ ይሻላል፤ ሲያረጅ ጭራሮው ይበዛል፣ በአንዳንድ ዛፍ ላይ ታኒኑም ይጠነክራል። ጠዋት ተቆርጦ እስከ ማታ ጥላ ሥር ቢጠወልግ ሽታው ይለሳለሳል፣ እንስሳውም አይሸሸውም። ለበጋ የሚቀመጥ ከሆነ በሸራ ወይም በጆንያ ላይ ጥላ ውስጥ ይደርቅ። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል ያን የቫይታሚን ኤ መነሻ ያጣል፤ ሸራ ላይ ያልደረቀ ደግሞ ዋናው ቅጠል መሬት ላይ ረግፎ ለከብቱ ጭራሮው ብቻ ይደርሰዋል። መራራውን ጨው ነስንሱበት። ከጠቅላላው መኖ ከሲሶ አታሳልፉት። እና ከጭዱ በላይ አታስቀምጡት! ከላይ ካደረጋችሁት ቅጠሉን ለቅማ ጭዱን ትተወዋለች። ጭዱን ከትፋችሁ አደባልቁት።

የፈረንጅ ዲቃላ ላም የምታረቡ የከተማ ሰዎች ደግሞ እንዳትታለሉ። በቀን 15 ሊትር የምትታለብ ላም በቅጠልና በጭድ አትኖርም። የእሷ ችግር ፕሮቲን ብቻ አይደለም፤ ጉልበት ትፈልጋለች፤ እሱ ከፉርሽካና ከእህል ነው የሚመጣው። ለእናንተ ቅጠል የሚያደርገው የፋጉሎውን ከፊል መቀነስ ነው፤ ያም ቀስ በቀስ፣ በየቀኑ ወተቱን እየለኩ። ወተቱ ሲወርድ ካያችሁ መልሱት። ከቅጠል ብዙ የሚያተርፈው የነጠፈች የሀገር ላም፣ የሚያርስ በሬ፣ ጊደርና የሚሰባ በግ ያለው ሰው ነው፤ በዚህ ዞን አብዛኛው ሰው ማለት ነው።

ወደ ጥያቄ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ አሁን አሁን በየጓሮው አቮካዶ እየተተከለ ነው። ሲመለመል ቅጠሉ ብዙና አረንጓዴ ስለሆነ ለፍየል መጣል ያምራል። አትጣሉ። የአቮካዶ ቅጠል ፐርሲን የሚባል መርዝ አለው፤ የምታጠባ ፍየል ጡቷ ያብጣል፣ ወተቷ ይቋረጣል፤ ብዙ ከበላች ልቧን ይጎዳል። ከአቮካዶው አጠገብ ያለውን ግራዋ ቁረጡላት። ጥያቄያችሁን ልስማ።